ፓወር ሰፕላይ ሲበላሽ፦ መለካት፣ መክፈት፣ መጠገን

ፓወር ሰፕላይ፣ ማለትም የግድግዳውን ኮረንቲ ለኮምፒውተሩ ክፍሎች በሚስማማ ቮልት የሚያቀርበውን ሳጥን፣ መጠገን ስጀምር የሠራሁት የመጀመሪያ ስህተት የተቃጠለ ፊውዝ ቀይሬ ወዲያውኑ መሰካቴ ነው። አዲሱ ፊውዝ በአንዲት ብልጭታ ሄደ፤ የክፍሉ መብራትም አብሮት ጠፋ። ፊውዙ ሌላ ቦታ ስለደረሰው ጉዳት የሚመሰክር ምስክር ነበር። እኔ ምስክሩን ቀይሬ ጥፋተኛውን እዚያው ተውኩት። ከዚያ ወዲህ ሳልለካ አልከፍትም፤ ጥፋቱን ሳላገኝም ምንም ነገር አልቀይርም። ይህ መመሪያ የሚሄደው በዚያው ቅደም ተከተል ነው።

የሚመለከተው በአብዛኞቹ የጠረጴዛ ኮምፒውተሮች ውስጥ የሚገኘውን፣ ለማዘርቦርዱ ባለ 24 ፒን መሰኪያ ያለውን የኤቲኤክስ ዓይነት ነው። አንዳንድ አምራቾች ለራሳቸው ኮምፒውተር ብቻ የሚሠሩት የተለየ መሰኪያ ያለው ፓወር ሰፕላይ አለ፤ ከታች የምጠቅሳቸው የፒን ቁጥሮች ለእሱ አያገለግሉም።

ቀልድ የማያውቀው ክፍል

ከግድግዳ የሚመጣው 220 ቮልት ወደ ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚሄድ ኮረንቲ) ተለውጦ ትልቁ ካፓሲተር (ኮረንቲ የሚያጠራቅመው ክፍል) ላይ ሲጠራቀም ወደ 310 ቮልት ይደርሳል። አክቲቭ ፒኤፍሲ የሚባለው ክፍል ባላቸው ላይ ደግሞ ከ380 እስከ 400 ቮልት ይሆናል። ይህ ክምችት ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ሊቆይ ይችላል። አብዛኞቹ ክምችቱን ቀስ በቀስ የሚያፈስስ ሬዚስተር አላቸው፤ የተበላሸ ዕቃ ላይ ግን እሱም ተበላሽቶ ሊሆን ስለሚችል መተማመኛ አይሆንም።

ስለዚህ ከኤሌክትሪክ ጋር የተለማመደ እጅ ከሌለዎት ከመክፈቻው ክፍል በፊት ያለውን ብቻ ይሥሩ። ፓወር ሰፕላዩ ደህና ይሁን አይሁን ለመለየት እሱ ይበቃል። ዋስትናው ያላለቀ ከሆነም አይክፈቱት፤ ብሎኑን እንደፈቱ ዋስትናው ብዙውን ጊዜ አብሮ ያበቃል።

በርግጥ ጥፋቱ የፓወር ሰፕላዩ ነው?

ኮምፒውተር አልነሳ ሲል ሁሉም ጣቱን ወደ ፓወር ሰፕላዩ ይቀስራል። ብዙ ጊዜ ትክክል ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። በቅድሚያ ሶኬቱን በሌላ ዕቃ ይሞክሩ፤ ገመዱን ይቀይሩ፤ ከጀርባ ያለው ማብሪያ መብራቱን ይዩ። በአሮጌዎቹ ላይ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ መምረጫ አለ። 220 ቮልት ባለበት ቦታ 115 ላይ አድርጎ መሰካት ዋናዎቹን ካፓሲተሮች ያፈነዳል፤ ልጅ በጣቱ ገፍቶት ሊሆን ስለሚችል ሁልጊዜ ይመልከቱት።

ቀጥሎ የኮምፒውተሩን የፊት ቁልፍ ይጠርጥሩ። ከቁልፉ የሚመጡትን ሁለት ቀጭን ሽቦዎች ከማዘርቦርዱ ነቅለው፣ የተነቀሉባቸውን ሁለት ፒኖች በካቻቪቴ ጫፍ ለአፍታ ያገናኙ። ኮምፒውተሩ ከተነሳ ያረጀው ቁልፉ ነው።

ማራገቢያው ትንሽ ተነቃንቆ ወዲያው የሚቆም ከሆነ ፓወር ሰፕላዩ ራሱን እየተከላከለ ነው ማለት ነው። ከውጭ ሾርት (መገናኘት የሌለባቸው መስመሮች መነካካት) ስላገኘ ኮረንቲውን እየቆረጠ ሊሆን ይችላል። ግራፊክስ ካርዱን፣ ዲስኮቹን፣ ዩኤስቢ ላይ ያሉትን ዕቃዎች አንድ በአንድ እየነቀሉ ይሞክሩ። የታጠፈ የዩኤስቢ ቀዳዳ ፒን ኮምፒውተሩን በሙሉ ሲያስቆም አይቻለሁ።

ሰዓቱና ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ችግሩ የማዘርቦርዱ ክብ ባትሪ ነው፤ ፓወር ሰፕላዩን አይመለከተውም። የኮምፒውተሩ ብረት ሲነካ የሚነዝር ከሆነም ብዙውን ጊዜ የጎደለው የምድር ሽቦ ነው። በፓወር ሰፕላዩ መግቢያ ላይ ጣልቃ ገብ ድምፅን ለማጣራት የተቀመጡ ሁለት ትንንሽ ካፓሲተሮች ከሁለቱ የኮረንቲ መስመሮች ወደ ብረቱ የተያያዙ ናቸው። የምድር መስመር በሌለበት ብረቱ የመስመሩን ግማሽ ያህል፣ ማለትም ወደ 110 ቮልት ይይዛል። ኮረንቲው በጣም ትንሽ ቢሆንም ይሰማል። መፍትሔው ሶኬቱን ከምድር ጋር ማገናኘት ነው፤ ካፓሲተሮቹን ቆርጦ መጣል በፍጹም መፍትሔ አይደለም።

ሳይከፍቱ መለካት

ለዚህ ማልቲሜትርና አንድ የወረቀት መቆንጠጫ ሽቦ ይበቃሉ። ማልቲሜትሩን ዲሲ 20 ቮልት ላይ ያድርጉ፤ ጥቁሩን ጫፍ ከማንኛውም ጥቁር ሽቦ ጋር ያገናኙ።

መጀመሪያ የሚለካው ሐምራዊው ሽቦ ነው፤ ፒን 9። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሳለ፣ ስፒናው ተሰክቶ የጀርባው ማብሪያ እስከበራ ድረስ፣ እዚህ ላይ 5 ቮልት መኖር አለበት። ይህ የተጠባባቂ ኮረንቲ ይባላል፤ የማስነሻ ቁልፉ መጫኑን ማዘርቦርዱ የሚያውቀው በእሱ ነው። ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት ካነበበ ደህና ነው። ዜሮ ከሆነ ጥፋቱ ከፊውዙ እስከ ተጠባባቂው ክፍል ባለው መንገድ ላይ ይገኛል። እንደኔ ልምድ ከሆነ ይህ አንድ ንባብ የምርመራውን ግማሽ ይጨርሳል።

ሁለተኛው አረንጓዴው ነው፤ ፒን 16። የተጠባባቂው ኮረንቲ ካለ አረንጓዴው ላይ ከ2 ቮልት በላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 5 የሚጠጋ ቮልት ይነበባል። ማዘርቦርዱ ፓወር ሰፕላዩን የሚያስነሳው ይህን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር በማገናኘት ነው፤ አሁን ያንኑ እኛ እናደርጋለን። ስፒናውን ይንቀሉ፤ ባለ 24 ፒኑን መሰኪያና ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄዱትን ገመዶች ሁሉ ይንቀሉ፤ አረንጓዴውንና አጠገቡ ያለውን ጥቁር በመቆንጠጫው ሽቦ ያገናኙ፤ ከዚያ መልሰው ይሰኩ። ደህና ከሆነ ማራገቢያው ይዞራል። አንዳንድ ዘመናዊ ፓወር ሰፕላዮች ግን እስኪሞቁ ማራገቢያቸውን አያዞሩም፤ ስለዚህ ዝም ስላለ ብቻ ሞቷል አይበሉ፣ ይለኩ።

ሽቦዎቹ ሁሉ ጥቁር ከሆኑስ? በአዳዲሶቹ መሰኪያዎች ላይ ሽቦ የሌለው አንድ ባዶ ቀዳዳ አለ፤ ፒን 20 ነው። በራሱ ረድፍ በአንድ ጎኑ 4፣ በሌላው ጎኑ 7 ፒኖች አሉ። ሰባቱ ወዳሉበት ሲቆጥሩ ከባዶው ቀጥሎ ያሉት ሦስቱ ከመሬት ጋር የተያያዙ ናቸው፤ አራተኛው የምንፈልገው ፒን 16 ነው። ሁለት ጊዜ ቆጥረው አንድ ጊዜ ይሰኩ።

ከተነሳ በኋላ የሚጠበቁት ንባቦች እነዚህ ናቸው፦

ቢጫ፦ 12 ቮልት፤ ከ11.40 እስከ 12.60
ቀይ፦ 5 ቮልት፤ ከ4.75 እስከ 5.25
ብርቱካናማ፦ 3.3 ቮልት፤ ከ3.14 እስከ 3.46
ሰማያዊ፦ ከዜሮ በታች 12 ቮልት፤ 10 በመቶ ልዩነት ይፈቀድለታል
ግራጫ፣ ፒን 8፦ ወደ 5 ቮልት

ግራጫውን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ፓወር ሰፕላዩ መስመሮቹ ሁሉ መስተካከላቸውን ለማዘርቦርዱ የሚያሳውቅበት ምልክት ነው፤ ከተነሳ በኋላ በሰከንድ ክፍልፋይ ውስጥ መምጣት አለበት። ሌሎቹ ሁሉ ደህና ሆነው ግራጫው ዜሮ ከሆነ ማራገቢያዎች እየዞሩ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ወጥመድ እንምጣ። ያለ ሸክም የተለካ ፓወር ሰፕላይ ይዋሻል። ባዶውን 12.1 ቮልት የሚያሳይ፣ ሥራ ሲሰጠው ወደ 11 ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ መሰኪያውን ወደ ማዘርቦርዱ መልሰው፣ የማልቲሜትሩን ቀጭን ጫፍ ከሽቦው በኩል ወደ መሰኪያው ጀርባ አስገብተው፣ ኮምፒውተሩ ከባድ ሥራ ላይ እያለ ቢጫውን ይለኩ። ጥሩውን ኮምፒውተር ለዚህ ማጋለጥ ካልፈለጉ የመኪና ባለ 12 ቮልት 21 ዋት አምፖል በቢጫና በጥቁር መካከል ያገናኙ፤ ወደ 1.75 አምፔር ይስባል። ሁለት ሦስት አምፖል ቢሆን ይሻላል። አምፖሎቹ ስለሚግሉ ከእንጨትና ከፕላስቲክ ያርቋቸው።

ማልቲሜትር የማያየው ነገርም አለ። በዲሲው ላይ የሚጋልብ ፈጣን ሞገድ በ12 ቮልት ላይ ከ120 ሚሊቮልት፣ በ5 እና በ3.3 ላይ ከ50 ሚሊቮልት ማለፍ የለበትም፤ ይህን በትክክል የሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ ነው። ቮልቱ ሁሉ ልክ ሆኖ ኮምፒውተሩ በየጊዜው ራሱን የሚያጠፋና የሚያስነሳ ከሆነ፣ በደረቁ ካፓሲተሮች ምክንያት የሚመጣውን ይህን ሞገድ ይጠርጥሩ።

መክፈትና ማፍሰስ

ስፒናውን ነቅለው ቢያንስ 10 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ከዚያ ብሎኖቹን ይፍቱ፤ ብዙውን ጊዜ አራት ናቸው። የቦርዱን ታች ሳይነኩ ጠርዙን ይዘው ያንሱት። ትልቁ ካፓሲተር ከሁሉ ወፍራሙ ነው፤ 400 ወይም 450 ቮልት ይላል። በአሮጌዎቹ ላይ 200 ቮልት የሚሉ ሁለት ካፓሲተሮች ጎን ለጎን ይቆማሉ።

ማልቲሜትሩን ዲሲ 600 ወይም 1000 ቮልት ላይ አድርገው በእግሮቹ መካከል ይለኩ። አንዱን እጅ ወደ ኋላ ማድረግ የቆየ ጥሩ ልማድ ነው፤ ኮረንቲ በደረት በኩል እንዳያልፍ ያደርጋል። ክምችት ካለ በ10 ኪሎኦም፣ 5 ወይም 10 ዋት ሬዚስተር ያፍስሱት፤ የሬዚስተሩ እግሮች በሚገባ የተሸፈኑ፣ የሚይዙትም እጀታ ኮረንቲ የማያስተላልፍ ይሁን። 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በዚህ መንገድ ለመፍሰስ 25 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። ከዚያ እንደገና ይለኩ። ሁለት ካፓሲተር ካለ ሁለቱንም። በካቻቪቴ ሾርት አድርጎ ማፍሰስ እሳት ይረጫል፣ ቦርዱንም ይጎዳል፤ ከሌሎች ያዩት ቢሆንም ይተዉት።

ዓይን እና አፍንጫ

መሣሪያ ከማንሳትዎ በፊት በጥሩ ብርሃን ይመልከቱ። በውጤቱ በኩል፣ የቀለም ሽቦዎቹ የሚነሱበት አካባቢ፣ የካፓሲተሮቹ አናት ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ያበጠ፣ የተሰነጠቀ፣ ወይም ከሥሩ ቡናማ ነገር ያፈሰሰ ካለ ጥፋቱን አግኝተዋል፤ ቢያንስ አንዱን። የፈሰሰው ኬሚካል አንዳንዴ የዓሣ ሽታ አለው። ትልልቅ ክፍሎችን ለመያዝ የተቀባው ቢጫ ሙጫ በሙቀት ብዛት ወደ ቡናማ ሲለወጥ ኮረንቲ ማስተላለፍና ብረት መብላት ይጀምራል፤ በጥንቃቄ ይፋቁት። ቦርዱን ገልብጠው በትራንስፎርመሩና በከባድ ክፍሎች እግር ዙሪያ ቀለበት የመሰለ ስንጥቅ ካዩ ብየዳው ለቋል ማለት ነው፤ አዲስ የብየዳ ቆርቆሮ ጨምረው እንደገና ይበይዱት።

አቧራውን በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉ። የደረቀ ማራገቢያ የብዙ ካፓሲተሮች ገዳይ ነው፤ መለያውን ላጥ አድርገው መሐሉ ላይ አንድ ጠብታ ቀጭን የማሽን ዘይት ቢያደርጉ ለጊዜው ይታገሣል። ዘላቂው ግን ተመሳሳይ መጠን ባለው ባለ 12 ቮልት ማራገቢያ መቀየሩ ነው።

ፊውዙ የሚናገረው

ማልቲሜትሩን የድምፅ መፈተሻ ላይ አድርገው ፊውዙን ይለኩ። ከተቆረጠ መስታወቱን ይዩ፦ ውስጡ ጥቁር ወይም የብር ሽፋን ከሆነ በኃይለኛ ሾርት ነው የሄደው። ሽቦው ብቻ በቀጭኑ ከቀለጠ ጉዳቱ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ሊሆን ይችላል ነው የምለው።

ከዚያ ዳዮድ መፈተሻ ላይ ያድርጉ። የግድግዳውን ኮረንቲ ወደ ዲሲ የሚለውጠው ባለ አራት እግሩ የሬክቲፋየር ድልድይ ውስጥ ያሉት አራት ዳዮዶች በአንድ አቅጣጫ ከ0.4 እስከ 0.7፣ በሌላው ምንም ማሳየት የለባቸውም። በሁለቱም አቅጣጫ ዜሮ የሆነ ካለ ሞቷል። ቀጥለው ትልቁ ካፓሲተር አጠገብ ካለው የሙቀት አሰራጭ ብረት ጋር የታሰሩትን፣ ኮረንቲውን በፍጥነት የሚያበሩና የሚያጠፉ ትራንዚስተሮች ወይም ሞስፌቶች (የትራንዚስተር ዓይነት) ይፈትሹ፤ የመካከለኛውና የቀኝ እግራቸው በሁለቱም አቅጣጫ ሾርት ካነበበ አውጥተው ለብቻቸው ያረጋግጡ። መግቢያው ላይ ያለው ሰማያዊ ወይም ቢጫ ክብ ቫሪስተር (ከከፍተኛ ቮልት የሚከላከለው ክፍል) ከተሰነጠቀ ከፍተኛ ቮልት ገብቷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሐቁን ልናገር። ሞስፌት በሾርት ሲሞት ብቻውን አይሞትም፤ የሚያዘውን ቺፕ፣ በእግሩ ያሉትን ትንንሽ ሬዚስተሮች፣ አንዳንዴም ድልድዩን ይዞ ይሄዳል። አንዱን ብቻ ቀይሮ መሰካት ሁለተኛ ፍንዳታ ማዘጋጀት ነው። ፓወር ሰፕላዩ ርካሽ ከሆነ እኔ እዚህ ላይ ማራገቢያውንና ገመዶቹን አስቀርቼ ቀሪውን እተወዋለሁ።

ፊውዙ ደህና ሆኖ ሐምራዊው ሽቦ ባዶ ሲሆን

ይህ የምወደው ብልሽት ነው፤ በአብዛኛው በትንሽ ካፓሲተር ይድናልና። ከትንሹ የተጠባባቂ ትራንስፎርመር አጠገብ፣ በከፍተኛው ቮልት በኩል፣ ከ10 እስከ 47 ማይክሮፋራድ የሆነ 50 ቮልት ካፓሲተር አለ። ሁልጊዜ ተሰክቶ ስለሚኖር፣ ሁልጊዜም ስለሚሞቅ፣ ሳያብጥ ውስጡ ይደርቃል። ዋናው ምልክቱ ለረጅም ሰዓት ተሰክቶ ሲቆይ የሚነሳ፣ ሲቀዘቅዝ የማይነሳ ኮምፒውተር ነው። በዓይን አይታይም፤ በኢኤስአር (የካፓሲተር ውስጣዊ ተቃውሞ) መለኪያ ይታያል፤ መለኪያው ከሌለዎት በአዲስ ይቀይሩት። እሱ ካልሆነ በዚያው መስመር ላይ ያሉትን በመቶ ሺህ ኦም የሚቆጠሩ ማስነሻ ሬዚስተሮች ይለኩ፤ በዕድሜ ብዛት ይቆረጣሉ።

ሐምራዊው ደህና ሆኖ በመቆንጠጫው ሽቦ ካልነሳ ደግሞ ወደ ውጤቱ በኩል ይሂዱ። ስፒናው ተነቅሎ እያንዳንዱን ቀለም ከጥቁሩ ጋር በኦም ይለኩ። ብርቱካናማው በተፈጥሮው ዝቅተኛ ንባብ አለው፤ አይደንግጡ። ከ1 ኦም በታች የሚያሳይ መስመር ካለ ግን በዚያ መስመር ላይ ያለው ዳዮድ ወይም ሌላ ክፍል ሾርት ሆኗል።

ካፓሲተር መቀየር

ከማውጣትዎ በፊት ፎቶ ያንሱ። አዲሱ ተመሳሳይ ማይክሮፋራድ፣ እኩል ወይም የበለጠ ቮልት፣ 105 ዲግሪ የሚችልና ዝቅተኛ ኢኤስአር ያለው ይሁን፤ ቁመቱና ውፍረቱም ቦታው ላይ መግባት አለበት። 85 ዲግሪ የሚሉትን አይግዙ፤ ካፓሲተር ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግምት በግማሽ ይቀንሳል። በአንድ መስመር ላይ አንዱ ካበጠ ጓደኞቹንም ይቀይሩ፤ ዕድሜያቸው እኩል ነው።

መበየጃው ከ350 እስከ 380 ዲግሪ ይሁን። በአሮጌው ብየዳ ላይ መጀመሪያ ጥቂት አዲስ ቆርቆሮ ይጨምሩ፤ ይህ ቶሎ እንዲቀልጥ ያደርጋል። ከመሬት ጋር የተያያዘው እግር ሙቀት ስለሚጠጣ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ በጉልበት ከጎተቱት የቦርዱን የመዳብ መስመር ይዞ ይመጣል። በካፓሲተሩ ጎን ያለው መስመር የአሉታዊውን እግር ያሳያል። ተገልብጦ የገባ ካፓሲተር በደቂቃዎች ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል።

መልሶ መሰካት

ከቦርዱ ሥር ያለውን የፕላስቲክ ሽፋን ወደ ቦታው ይመልሱ፤ የምድሩን ሽቦ ከብረቱ ጋር አጥብቀው ያስሩ። በመግቢያው የምድር ፒንና በብረቱ መካከል ያለው ንባብ ወደ ዜሮ መጠጋት አለበት። ከሁለቱ የኮረንቲ ፒኖች ወደ ብረቱ ግን ምንም ዓይነት ዝቅተኛ ንባብ መኖር የለበትም።

አዲስ ፊውዝ ካስገቡ ቁጥሩም ዓይነቱም ከአሮጌው ጋር አንድ ይሁን፤ በፊውዝ ፋንታ ሽቦ መጠምዘዝ ቤት ያቃጥላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰኩ በአንዱ የኮረንቲ መስመር ላይ ከ60 እስከ 100 ዋት የሆነ፣ ክር ያለው አሮጌ አምፖል በተከታታይ ያስገቡ፤ የኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም። አምፖሉ ለአፍታ በርቶ ከጠፋ ሾርት የለም። ደምቆ ከቀረ ወዲያው ይንቀሉ፤ ሾርቱ እዚያው አለ፣ አምፖሉ ግን ፊውዝዎን አትርፎልዎታል። በዚህ ሁኔታ የሚሞከረው ሐምራዊው ሽቦ ብቻ ነው፤ ሸክም ተሰጥቶት አምፖሉ ቢርገበገብ ለብልሽት አይቁጠሩት።

ከዚያ አምፖሉን አውጥተው፣ ክዳኑን ገጥመው፣ በመኪና አምፖሎቹ ሸክም ላይ ሁለት ሦስት ሰዓት ያሠሩትና ቮልቶቹን በየመሐሉ ይለኩ። ቢጫው እየወረደ ከሄደ፣ ወይም የማቃጠል ሽታ ካለ፣ ገና አልተጠገነም። ካለፈ መጀመሪያ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ያድርጉት። ገመዶቹ ከፓወር ሰፕላዩ የሚነቀሉ ዓይነት ከሆኑ ደግሞ የራሱን ገመዶች ብቻ ይጠቀሙ፤ የሌላው ሞዴል ገመድ ቀዳዳው ላይ ልክ ገብቶ፣ የፒኖቹ ቅደም ተከተል ግን ስለሚለይ፣ 12 ቮልቱን በ5 ቮልት ፋንታ ወደ ሃርድ ዲስኩ ሊልክ ይችላል።